ባሌ መጠጥ አቁሟል፣ የማህበር ተራችን ደግሞ ደርሷል፤ ጠላ ልጣል ወይስ ልተው?

ጥያቄ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህታችን። ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ ግን እኔም አንድ ቀን እጽፍልሻለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የ36 አመት ሴት ነኝ፣ ጀሞ ነው የምንኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ የራሱ ትንሽ ጋራዥ አለው። ድሮ ከስራ ሲወጣ ከጋራዡ ልጆች ጋር ግሮሰሪ ሳይገባ ቤት አይመጣም ነበር፣ መጀመሪያ ሁለት ጃምቦ ነበር ከዛ አራት ሆነ ከዛ እኔም መቁጠሩን ተውኩት። አይሳደብም አይማታም፣ ገብቶ ይተኛል በቃ፣ ለዛም ይመስለኛል ስንት አመት ዝም ያልኩት።

ባለፈው ጥር ላይ ግን ትንሿን ልጃችንን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣት ተስማምተን ረሳት። ስልኩ ዝግ ነው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ናቸው እኔ ጋ የደወሉት፣ ስደርስ ማታ አንድ ሰዓት አልፏል፣ ልጄ የሳቸውን ጋቢ ለብሳ በሩ ስር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላለች። እኔ ምንም አላልኩትም፣ እውነቴን ነው አንድ ቃል አልወጣኝም። በማግስቱ አቆመ። ማንም ሳይለምነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሌሊት ላብ ያሰምጠው ነበር፣ ግን አለፈ። ይኸው ዘጠኝ ወሩ።

አሁን ሶፊ ማልት በካርቶን እየገዛ ቤት ያስቀምጣል። ማታ ኳስ ሲያይ በቢራ ብርጭቆ እየቀዳ ሁለት ሶስት ይጠጣል። ጓደኞቹ "ጴንጤ ሆንክ እንዴ?" እያሉ ይቀልዱበታል፣ እሱ "ጨጓራዬን ነው" ይላቸዋል፣ እኔንም ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይጠይቁኛል።

ችግሬ ምን መሰለሽ፣ የሚካኤል ማህበር አለን፣ ከአማቴ የወረስነው ነው፣ እሳቸው ሲደክሙ ለኛ አስረከቡን። ተራችን ለህዳር ሚካኤል ወጣ። አማቴ ከአሁኑ ጌሾ ገዝተው አስቀምጠዋል። ምናልባት ጠላ ባይኖርስ ስላቸው "ለመልአኩ ሚሪንዳ ላቀርብለት ነው?" ብለው ተቆጡኝ። እሳቸው ደግሞ ጠላ ሸጠው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ይሄን ነገር መንካት ይከብዳል። ባሌን ስጠይቀው "እንደፈለግሽ" ብሎ ይወጣል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ "ተይው፣ አልኮል የሌለው ወይን እልክልሻለሁ እሱን አቅርቢ" ትለኛለች።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አፍራለሁ ግን ልንገርሽ። ማልቱን ቀድቶ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ብርጭቆውን አሸተዋለሁ። ማታ ሲገባም እቅፍ አድርጌ የምስመው ለማሽተት ነው። ማልቱ ራሱስ መልሶ ወደ ቢራ አይወስደውም? ምን ላድርግ?

ተራ የደረሳት ነኝ፣ ከጀሞ

መልስ

የኔ እህት፣ ከ"እንደፈለግሽ" ብጀምርልሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ባልሽ እንደፈለግሽ ሲል ግድ የለኝም ማለቱ አይመስለኝም፣ ግድ የሌለው ሰው መልሶ ይከራከርሻል ወይ ይስቃል እንጂ ወጥቶ አይሄድም። ጥያቄሽ ራሱ እኮ ወጥመድ ሆኖበት ይሆናል፣ ጠላ ይጣል ካለ ለራሱ ፈራ፣ አይጣል ካለ እናቱን አዋረደ፣ ደግሞ "አልችልም" ብሎ ካንቺ ፊት መቆም አለበት፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ጨጓራ ነው እያለ ሲሸሸው የኖረውን ነገር። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ከዛች ከጥሯ ማታ ወዲህ ስለ መጠጡ ቁጭ ብላችሁ አውርታችሁ ታውቃላችሁ? ከደብዳቤሽ የተረዳሁት አንቺም ዝም እንዳልሽ እሱም ዝም ብሎ እንዳቆመ ነው። ዝምታው እስካሁን ረድቷችኋል፣ አላጣጥለውም፣ ግን ሰላሳ ሰው ቤታችሁ ሲገባ ዝምታው አይበቃም።

ስለዚህ ልጣል ወይስ ልተው ብለሽ አትጠይቂው። ሌላ ጥያቄ ጠይቂው፣ "ያን ቀን የቱ ሰዓት ላይ ነው የሚከብድህ?" በይው። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳይሆን ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ውስጥ፣ እሱ መንገዱን እያየ። ብዙ ወንድ እጁ መሪ ላይ ሲሆን ነው አፉ የሚፈታው፣ ባለጋራዥ ደግሞ ይብሳል ብዬ ልገምት። መልሱ አንድ ነገር ብቻ ቢሆን እንኳ እሱ ለብዙ ነገር ይበቃሻል።

ለምን ይሄን ጥያቄ እንዳልኩሽ ላስረዳሽ። ከሩቅ ሲታይ ጉዳዩ ጠላ ይኑር አይኑር ይመስላል፣ ቀረብ ብለሽ ስታይው ግን አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። መጀመሪያ ጥንስሱን አስቢ። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ገብቶ፣ አሻሮው ተቆልቶ፣ ጋኑ ታጥኖ፣ ከዛ ድፍድፉ ቀናት ሙሉ ጓዳ ቁጭ ብሎ ሲፈላ ቤቱን የሚያውደውን ሽታ አንቺም ታውቂዋለሽ እሱም ያውቀዋል፣ እዛ ሽታ ውስጥ ነው ያደገው። ማህበሩ የአንድ ቀን ነው፣ ጋኑ ግን እናንተ ቤት ከተቀመጠ ያን ሁሉ ቀን ማታ ማታ ብቻውን አብሮት ሊያድር ነው።

ሁለተኛ፣ አሳላፊው ማነው? እናንተ ቤት ወጉ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በብዙ ቤት ግን ባለቤቱ ነው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቆሞ የሚቀዳው፣ ትልልቆቹ ፊት ሲደርስ ደግሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው የሚያቀርበው። ሰው አያስተውለውም፣ ቀማሹ ግን በየዙሩ አንድ መዳፍ ይደርሰዋል። ሶስተኛ ጽዋው። አራተኛ፣ ለኔ ከሁሉም የሚብሰው፣ የተረፈው። እንግዳ ሸኝታችሁ ደክሟችሁ ስትቀመጡ፣ ልጆች ሲተኙ፣ ጓዳ ግማሽ ጋን ሲቀር፣ "ዛሬማ አለፈ" ሲባል። በጭብጨባው ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው።

አየሽ አይደል፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው መፍትሄ አላቸው፣ ማህበሩንም መሰረዝ አያስፈልግም። ጠላው ይኑር ካላችሁ አማትሽ ጋ ይጠመቅ፣ ጌሾውም እዛ ነው ያለው። በለቱ ጠዋት በጄሪካን ይምጣ፣ ማታውኑ የተረፈው እማማ ጋ ወይ ሰፈር ላሉ ሰዎች ይሂድ፣ ይሄን ለታናሽ ወንድምሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ቀድመሽ ስጪው፣ ስራው እሱ ብቻ ይሁን፣ "የመጨረሻው እንግዳ እንደወጣ ትጭናለህ" ብለሽ። አሳላፊ ሌላ ሰው ይሁን። ባልሽ በር ላይ ይቀበል፣ ጫማ ያስወልቅ፣ ዳቦውን ይያዝ፣ እጅ ያስታጥብ፣ ቆሞ የሚውልበት ክብር ያለው ስራ ሞልቷል። ጽዋውን በተመለከተ እኔ አልፈርድልሽም፣ የንስሐ አባታችሁንና የማህበሩን ሙሴ (መሪውን) እሱ ራሱ ሄዶ ያናግራቸው፣ አንቺ ሳትሆኚ እሱ። አሁን አሁን ጽዋቸውን በብርዝ የሚያደርጉ እንዳሉ እሰማለሁ፣ ካህኑ ምን እንደሚሉ ግን ካህኑ ይንገሩት። ብቻ በዛን ቀን ሰው ፊት ጽዋ ተዘርግቶለት እዛው ላይ እንዳይወስን።

ጠላ ጭራሽ አይግባ ቢላችሁ ልባችሁ እሱም ይቻላል፣ ያኔ ግን ውሳኔው የሱ ይሁን እንጂ አንቺ ለሱ ብለሽ ያደረግሽው አይሁን። "ባሏን ጠላ ከለከለችው" ተብሎ ማህበሩ ሁሉ አንቺ ላይ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ እንደ ልጅ ይጠበቃል። ይሄ ለሁለታችሁም አይሆንም።

አሁን ወደ አማትሽ። ሴትዮዋን ወደድኳቸው፣ አትቆጪኝ። ደጃቸው ላይ እንጨት ተክለው ጣሳ ደፍተው፣ ሌሊት ተነስተው አሻሮ ሲቆሉ፣ በዛ ጠላ የደብተርና የዩኒፎርም ሲከፍሉ የኖሩ ሴት ልጃቸው ዛሬ ያንን ጠላ እንደ መርዝ ሲሸሸው ቢያዩ ምን ይሰማቸዋል? "ለመልአኩ ሚሪንዳ" ያሉት እኮ ስለ መልአኩ ብቻ አይመስለኝም። ምናልባት አንድ ነገር በልባቸው ይጠይቃሉ፣ ልጄን ያበላሸው በኔ እጅ የተጠመቀው ነው ወይ ብለው። ይሄን ጮክ ብለው አይጠይቁሽም። እና እሳቸው ጋ ስትሄጂ ስለ ጤና ንግግር ይዘሽ አትሂጂ፣ "የአለም ጤና ድርጅት እንዲህ አለ" ብትያቸው "ጠላ እኮ እህል ነው" ይሉሻል፣ እውነታቸውንም ነው እህል ነው፣ ተራው ጠላ አልኮሉ ከ2 እስከ 4 በመቶ አካባቢ ነው፣ ፊልተሩ 5 እና 6 ይደርሳል፣ ከቢራው ብዙም አይርቅም። ግን በቁጥር አታሸንፊያቸውም፣ ማሸነፍም የለብሽም።

ባልሽ ራሱ ቢነግራቸው ነው የሚያምረው። ቃሉን እሱ ያገኘዋል፣ እኔ ብሆን ግን "እማዬ ያንቺ ጠላ ነው ያስተማረኝ፣ እኔ ነኝ መጠኑን ያጣሁት" ከምትለው አረፍተ ነገር ብዙም አልርቅም። የልጅቷን ታሪክ ያውቃሉ? ካላወቁ ይንገራቸው። ጨጓራ ነው ሲባሉ የኖሩ እናት "ጨጓራማ ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል" ቢሉ አይፈረድባቸውም። አያት ናቸው፣ ያቺ ልጅ በሰው ጋቢ ተጠቅልላ በር ላይ ቁጭ ማለቷን ሲሰሙ ጌሾውን ራሳቸው ሊያነሱት ይችላሉ። ላያነሱትም ይችላሉ። ሁለቱንም ጠብቂ።

ደግሞ ስራ አስይዣቸው። ቀሪቦ ጠምቀው ያውቃሉ? ብርዝስ? ሙያ ላላቸው ሴት ሚሪንዳ ስድብ ነው፣ ገብስ ቆልተው አፍልተው አጥልለው በሰፊ ማድጋ የሚያቀርቡት ቀሪቦ ግን ስድብ አይደለም። እዚች ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ቀሪቦም እርሾ ካገባሽበትና ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ብርዙም ማር ነው ዝም ብለሽ ብታስቀምጪው ቀስ እያለ ወደ ጠጅ ነው የሚሄደው። ለባልሽ የሚሆነው እርሾ ያልገባበት፣ ብርዙም በለቱ ጠዋት የተበጠበጠ ይሁን። ይሄን ለእማማ ስትነግሪያቸው ሙያቸውን እየጠየቅሽ ንገሪያቸው፣ ካንቺ የበለጠ እንደሚያውቁ አትጠራጠሪ።

እስቲ አስቢው፣ ሙስሊም ጎረቤት ያላት ሴት ሁሉ ይሄን ታውቀዋለች። ሰርግ ሲሆን ክርስትና ሲሆን ለነሱ ለብቻ ንፁህ እቃ፣ ለብቻ ቀሪቦ፣ ለብቻ ብርዝ፣ ለብቻ አሳላፊ፣ ሳይጠየቅ ይዘጋጃል፣ ለምን አትጠጡም ብሎ የሚጨቀጭቃቸው የለም። ያው እኛው ነን የራሳችን ሰው አልጠጣም ሲል "አንድ ብቻ"፣ "ለኔ ስትል"፣ "ካልጠጣህማ ተጣላን" የምንለው፣ በመጨረሻም ከልጆቹ ጋር አስቀምጠን ፋንታ በፕላስቲክ ብርጭቆ የምንሰጠው። ጓደኞቹ ጴንጤ ሆንክ እንዴ ማለታቸውም ከዚሁ ነው የሚመጣው (ጴንጤ መሆንስ ስድብ ሆነ እንዴ?)፣ ላለመጠጣት ሃይማኖት፣ ጸበል ወይ አንቲባዮቲክ ካልሆነ ሌላ ምክንያት አንቀበልም። ሰውየው ደህና ሆኖ፣ ኦርቶዶክስ ሆኖ፣ ጾምም ሳይሆን፣ እንዲሁ ስላልፈለገ ብቻ አይጠጣም ሲባል ይጨንቀናል።

ይሄ ግን እየተቀየረ ነው፣ ቀስ ብሎ ቢሆንም። ትዝ ካለሽ ድሮ በአል ሲመጣ ቲቪው ሁሉ ቢራ ነበር፣ የበአል ዝግጅቱ ስፖንሰር ቢራ፣ ኮንሰርቱ ቢራ፣ ቢልቦርዱ ቢራ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ነው ያንን ከቲቪና ከሬዲዮ ከመንገድም ያነሳው፣ መጠጥ የሚሸጥለትንም እድሜ 21 አደረገው። ግሮሰሪው ስለ አዋጁ ምን ያህል ያስባል የሚለውን ተይው፣ ግን ያለዛ ማስታወቂያ እያደገ ያለ ትውልድ አለ፣ ከባልሽ ጋራዥ ልጆችም ትንሾቹን ብታዪ ምናልባት አንዱ ሁለቱ ማልት እያዘዙ ይሆናል። እህትሽ ያለችበት አገር ደግሞ ጋሎፕ በ2025 እ.ኤ.አ ሲጠይቅ እጠጣለሁ ያለው አዋቂ 54 በመቶ ብቻ ነው፣ ከ1939 ጀምሮ ሲጠይቁ እንደዚህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። የአለም ጤና ድርጅትም በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሎ በግልፅ ተናግሯል። ይሄን የምነግርሽ ሰው ላይ እንድታነቢው አይደለም፣ ባልሽ ብቻውን የተለየ ነገር እያደረገ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው፣ ቢነግሩት እሱም ይወደው ይሆናል።

ስለ እህትሽ ወይን። አሳቢ እህት ናት፣ አመስግኚያት፣ ለማህበር ግን አታቅርቢው። አንደኛ እነዛ እናቶች ጠርሙሱን ሲያዩ ወይን ነው ብለው ነው የሚያስቡት፣ ስታስረጂ ትውያለሽ። ሁለተኛ አልኮል የሌለው (non-alcoholic) ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ዜሮ አይደለም፣ አሜሪካን ጨምሮ ብዙ አገር ከ0.5 በመቶ በታች ከሆነ እንደዛ ብለው ይሸጡታል፣ ጭራሽ የሌለበትን ከፈለግሽ 0.0 የሚለውን ፈልጊ። 0.5 ሰው አያሰክርም፣ ጣዕሙና ሽታው ግን ወይን ወይን ነው፣ አንዳንዱ ሰው እሱ ብቻ ይበቃዋል አምሮቱን ለመቀስቀስ።

ማልቱም ላይ የምልሽ ከዚሁ ብዙ አይርቅም። መልሶ ይወስደዋል ወይ ላልሽው፣ ሰው ይለያያል። አንዱ የቢራ ብርጭቆ በእጁ ይዞ አረፋ እያየ ኳስ ማየቱ በራሱ ያረካዋል፣ ያቺ የማታ ሰዓት ባዶ አትሆንበትም፣ እንደዛ ሆኖ አመታት የዘለቀ አለ። ሌላው ደግሞ ሶስት ማልት ጠጥቶ "ይሄማ አይሆንም" ይልና ወደ እውነተኛው ይሄዳል። የባልሽ የቱ እንደሆነ ዘጠኝ ወሩ እየነገረሽ ነው፣ እስካሁን ይዞታል። ግን እሱን ጠይቂው፣ "ማልቱን ስትጠጣ ቢራ ያምርሃል ወይስ ይተውሃል?" በይው፣ መልሱን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔን ማልቱ ላይ የሚያሳስበኝ ስኳሩ ነው። እሱ እኮ ለስላሳ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቢና ማታ ማታ ሶስት ሲሆን ስንት እንደሚመጣ አስይ፣ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ይመርመር። አንዱን ማልት በአምቦ ውሃ በሎሚ ቢቀይረው በቢራ ብርጭቆም ያምራል፣ አረፋ ባይኖረውም ጋዝ አለው።

በመሀል አንድ ነገር፣ ላንቺ ሳይሆን ይሄን ለሚያነብ ሌላ ሰው። ባልሽ በማግስቱ ቀጥ አድርጎ አቁሞ መንቀጥቀጡና ላቡ በሳምንት ማለፉ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ላይ ግን እንደዛ አያልፍም። ለአመታት በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያቃዠው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፣ ሰው የሚሞትበትም አለ። እንደዚህ አይነት ሰው ቤታችሁ ካለ ለማቆም ሲወስን ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፣ በመድኃኒት ቀለል አድርገው የሚያሳልፉበት መንገድ አላቸው። አማኑኤል ሆስፒታልም የሱስ ህክምና ይሰጣል፣ አማኑኤል ሲባል የሚደነግጠው ሰው ብዛት ይገርመኛል።

ባልሽስ በማህበሩ ቀን ቢቀምስ? ይሄ በልብሽ ያለ ጥያቄ ነው፣ አልጻፍሽውም እንጂ። ቢቀምስ ዘጠኝ ወሩ አይጠፋም። ግን ያኔ ምን እንደምትሆኑ ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ ለማን እንደሚደውል፣ አንቺ ምን እንደማትይ። በተለይ ምን እንደማትይ። "አውቄ ነበር" የምትለው ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ።

ወደ ማሽተቱ ልመልስሽ። አታፍሪ በመጀመሪያ። ልጅሽን በዛ ሰዓት በር ላይ ያገኘሽ ሴት ነሽ፣ ሰውነትሽ አልረሳውም፣ አፍንጫሽ ስራውን እየሰራ ነው። ግን ድካሙን አስቢው፣ እሱ ላለመጠጣት በቀን አንድ ጊዜ ይታገላል፣ አንቺ ብርጭቆ በተቀመጠ ቁጥር። ደግሞ እሱ የማያውቅ ይመስልሻል? እቅፍ ስታደርጊው አየር ስትስቢ ይሰማዋል እኮ። ለዘጠኝ ወር ያቀፈችኝ ሚስቴ ናት ወይስ ትራፊክ ፖሊስ ሳይል የቀረ አይመስለኝም። ይሄን ለብቻሽ ለማቆም አትሞክሪ፣ ንገሪው። "እፈራለሁ፣ አሸትሃለሁ፣ ደክሞኛል" በይው። ከዛ አንድ ስምምነት አድርጉ፣ ለምሳሌ ከባድ ቀን ከሆነበት ራሱ ቴክስት ያድርግልሽ፣ "ዛሬ ከብዶኛል" ብቻ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፣ አንቺም ማልቱን ማሽተት ትተዪ። አንድ ቀን ቢያመልጥሽና ብታሸቺ አለም አይገለበጥም። ያቺ የጥር ማታ ላይም ምንም እንዳላልሽው ጽፈሻል፣ ያላልሽው ቃል ምን ነበር? ለሱ ከመናገርሽ በፊት ለራሷ ለልጅሽ ያልነገርሻት ነገር ካለም አስቢበት፣ ልጆች ረስተውታል ስንል ነው ይዘውት የሚገኙት።

እንግዲህ የቀረው ለቅሶ ቤት የሚጠይቁሽ ሰዎች ነው። እሱ ጨጓራ እስካለ ድረስ አንቺም ጨጓራ ነው የምትዪው፣ የሱ ነገር ስለሆነ ከሱ ቀድመሽ አትግለጪው። ጨጓራው ግን እድሜ የለውም፣ በአመቱ "አልዳነም እንዴ፣ ይሄን ዶክተር ሞክር" ይመጣል፣ አንዱም አብሽና ዳማከሴ ይዞ ቤት ድረስ ይመጣላችኋል። እና መኪና ውስጥ ስታወሩ ይሄንም ጠይቂው፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል ብለሽ። "አልጠጣም፣ ተውኩት" ብሎ ራሱ ለሙሴው ከነገራቸው ከማህበሩ በፊት ወሬው ዞሮ ያልቃል፣ ያን ቀን አዲስ ነገር አይሆንም፣ የቀረው ቀሪቦውን ማን ይቀዳል የሚለው ነው። እኔ ብሆን ለእማማ ነው የምሰጠው።